በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም
ከመጠጥ፣ ከጫትና ከሲጋራ ለመላቀቅ የሆስፒታል ነርስ እንዴት ትረዳናለች?



ሰው ታሞ ሆስፒታል ሲተኛ፣ ወይም ነፍሰ ጡር እናት ለክትትል ስትመጣ፣ ነርሷ ካርዱን ይዛ ጥያቄ ትጀምራለች። ዕድሜ፣ የቀድሞ ሕመም፣ የማይስማማ መድኃኒት ካለ ትጠይቃለች። «መጠጥ ይጠጣሉ? ጫት ይቅማሉ? ሲጋራስ ያጨሳሉ?» የሚለው ላይ ስትደርስ ግን ብዙ ጊዜ ጸጥታ ይሆናል። ባል ሚስቱን ያያል፤ ሚስት መሬት መሬት ታያለች። ከዚያ በኋላ «አልፎ አልፎ» የሚል መልስ ይመጣል።

የዛሬው ትምህርታችን «አልፎ አልፎ» ስለምትባለው ስለዚህች መልስ ነው። ነርሷ ለምን እንደምትጠይቅ፣ እውነቱን ብትነግሯት ምን ልታደርግላችሁ እንደምትችል፣ ወደ ቤት ከተመለሳችሁ በኋላም የእናንተ ድርሻ ምን እንደሆነ አብረን እንመልከት።

አንድ ሌሊት ያስተማረኝ

ከነርስ ትምህርት ቤት በዲፕሎማ ተመርቄ ሥራ በጀመርኩበት ዓመት፣ ወደ ማዋለጃ ክፍል ከመዛወሬ በፊት፣ በቀዶ ሕክምና ክፍል እሠራ ነበር። አንድ ቀን በመኪና አደጋ ጭኑ የተሰበረ አባወራ ተኛ። ሚስቱ ከአጠገቡ ነበረች። ጥያቄውን በችኮላ አቀረብኩ። «መጠጥ ይጠጣሉ?» ስለው «አልፎ አልፎ» አለኝ። እኔም «አልፎ አልፎ» ብዬ ጻፍኩና አለፍኩ።

በማግሥቱ ማታ እጁ ይንቀጠቀጥ፣ ላቡም አንሶላውን ያርሰው ጀመር። የስብራቱ ሕመም መስሎኝ የታዘዘለትን ማስታገሻ ሰጠሁት። በሦስተኛው ሌሊት ግን «ግድግዳው ላይ ጉንዳን ፈሰሰ፤ አውርዱልኝ!» እያለ ጮኸ። በተሰበረው እግሩ ሊቆም ሲታገል አራት ሰው ሆነን ያዝነው። ተረኛው ሐኪም እንደደረሰ መጀመሪያ የጠየቀው ሚስቱን ነበር። «እውነቱን ንገሪኝ፤ በቀን ምን ያህል ይጠጣል?» እሷም እያለቀሰች «ማታ ማታ አረቄ ነው፤ ጠዋት ደግሞ እጁ እንዳይንቀጠቀጥ አንድ ሁለት መለኪያ ይጠጣል» አለች።

ሰውየው በሐኪሙ ትእዛዝ መድኃኒት ተሰጥቶት ተረፈ። ሚስቱ ከቀናት በኋላ ስታነጋግረኝ «ሲስተር፣ ሰው ፊት ላዋርደው አልፈለግሁም ነበር» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ሚስት የባሏን ገመና መሸፈኗ ያስመሰግናታል እንጂ አያስወቅሳትም። የጥፋቱ ትልቁ ድርሻ የእኔ ነበር። ለምን እንደምጠይቅ አላስረዳሁም፤ ሰው በተሰበሰበበት ጠየቅሁ፤ በሩን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። ከዚያ ወዲህ ይህን ጥያቄ ሳልቀመጥ አልጠይቅም።

ለመሆኑ ሰውየው ምን ሆኖ ነው?

በየቀኑ ብዙ የሚጠጣ ሰው አንጎሉ ከአልኮል ጋር ይላመዳል። አልኮል አንጎልን ስለሚያደነዝዝ፣ አንጎል ያንን ለመቋቋም ኃይሉን ከፍ አድርጎ ይኖራል። መጠጡ በድንገት ሲቋረጥ ከፍ ያለው ኃይል መያዣ ያጣል። የመጨረሻው መጠጥ ከተጠጣ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ ማቅለሽለሽና እንቅልፍ ማጣት ይጀምራሉ። በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት ውስጥ እንደሚጥል በሽታ ያለ መንዘፍዘፍ ሊመጣ ይችላል። ከ2 እስከ 4 ቀን ባለው ጊዜ ደግሞ አንዳንዱ ራሱን ይስታል፣ የሌለ ነገር ያያል፣ ትኩሳት ይነሣበታል። ይህ ሳይታከም ቢቀር ሊገድል ይችላል።

አስቀድሞ ከታወቀ ግን መከላከል ይቻላል። ሐኪሙ እንደ ዲያዜፓም ያለ መድኃኒት በልክ እያስቀነሰ ይሰጣል፤ ቫይታሚን ቢ1ም ይታዘዛል። ነርሷ የልብ ምቱን፣ የደም ግፊቱንና የእጁን መንቀጥቀጥ በየሰዓቱ ትከታተላለች።

ከዚህ የምንማረው አንድ ትልቅ ነገር አለ። በየቀኑ ብዙ የሚጠጣ፣ ጠዋት ካልጠጣ እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው ቤት ውስጥ ብቻውን በድንገት ማቆም የለበትም። ክፍል ውስጥ ቆልፎበት «ይውጣለት» ማለት ለሞት ሊዳርገው ይችላል። ጠበል ለመውሰድ ያሰበ ቤተሰብም አስቀድሞ ለሐኪም ያሳየው፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

ነርሷ የምታደርገው ምንድን ነው?

ሆስፒታል መተኛት ክፉ አጋጣሚ ቢሆንም ሱስን ለመተው መልካም በር ይከፍታል። ሕመሙ ሰውን ያሳስባል። የመጠጥና የበርጫ ጓደኛ አይኖርም። ሲጋራም ቢሆን በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 በጤና ተቋማት ማጨስን ስለከለከለ ማጨሻ ቦታ የለም። ሐኪሙ ጎብኝቶ ይሄዳል፤ ሌሊትና ቀን ከአልጋው አጠገብ የምትገኘው ግን ነርሷ ናት። ሥራዋም በአምስት ደረጃ ይከፈላል።

1. መጠየቅ። ለብቻ፣ በዝቅተኛ ድምፅ ትጠይቃለች። «ይጠጣሉ ወይ?» ከማለት ይልቅ «ምን ዓይነት መጠጥ ነው? በሳምንት ስንት ቀን? በአንድ ጊዜ ስንት? መጨረሻ የጠጡት መቼ ነው?» ትላለች። ጠርሙስ ቢራና መለኪያ አረቄ ልዩነት አላቸውና ዓይነቱንም መንገር ያስፈልጋል።

2. ማስረዳት። ሱሱ አሁን ካለው ሕመም ጋር ያለውን ግንኙነት ትነግራለች። ሲጋራ የቁስልን መዳን ያዘገያል። አልኮል ከሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ጋር ሲደመር ጉበትን ይጎዳል። ጫት የደም ግፊትንና የልብ ምትን ከፍ ያደርጋል፤ እየተቃመ የሚዋጠውም አምፒሲሊን በሚገባ ወደ ደም አይገባም። «መድኃኒቱ አልሠራልኝም» የሚል ሰው ይህንን ያስብ።

3. ፍላጎትን ማወቅ። ሁሉም ሰው ዛሬውኑ ለመተው ዝግጁ አይደለም። ነርሷ ይህን የምታውቀው በንግግር ነው።

4. መርዳት። የሚያቆምበትን ቀን አብራ ትወስናለች፤ ሐራራ ሲመጣ ምን እንደሚያደርግ ታስተምራለች፤ መድኃኒት ካስፈለገ ለሐኪሙ ታሳውቃለች። ለሲጋራ የኒኮቲን መተኪያ በሚገኝበት ቦታ ሐኪሙ ሊያዝ ይችላል። ባይገኝም ምክሩና ክትትሉ ብቻውን ይጠቅማል።

5. ቀጠሮ መስጠት። ይህ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ደረጃ ነው። በሆስፒታል የተጀመረ ምክር ሕመምተኛው ወደ ቤቱ ከሄደ በኋላ ቢያንስ ለአንድ ወር ካልቀጠለ ውጤቱ ትንሽ እንደሆነ ተረጋግጧል። ስለዚህ ስትወጡ «ለሱሱስ ቀጠሮዬ መቼ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ከባድ ከሆነ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ወዳላቸው ሆስፒታሎች፣ በአዲስ አበባም እንደ አማኑኤል ወዳሉት ትልካችኋለች።

ንግግሩ እንዴት ያለ ነው?

ብዙ ሰው ነርሷ የምትቆጣው ይመስለዋል። ቁጣ ሰውን ያሸማቅቀዋል እንጂ ከሱስ አያላቅቀውም። አንዲት ነርስ በሳል ሕመም ከተኙ አጫሽ ጋር የምታደርገው ንግግር ይህን ይመስላል፦

«ጋሼ፣ ሲጋራው ምን ይጠቅምዎታል?»

«ንዴቴን ያበርድልኛል።»

«የሚጎዳዎትስ?»

«ሳሉ ነዋ! ደግሞ ትንሿ ልጄ ‹አባባ ትሸታለህ› ብላ መሳም ትታለች።»

«ለመተው ያለዎት ፍላጎት ከ10 ስንት ይሆናል?»

«4 ቢሆን ነው።»

«1 ያላሉት ለምንድን ነው?»

«እንዴ! ልጄስ?»

ልብ በሉ፤ ነርሷ «ይተዉ» አላለችም። የመተዉን ምክንያት ራሳቸው ተናገሩት። ሰው ከሌላ ሰው ምክር ይልቅ ከራሱ አፍ የወጣውን ይሰማልና፣ ነርሷ ያንን ቃል ይዛ በማግሥቱ ትመለሳለች።

ራሳችሁን መርምሩ

ስለ መጠጥ እያንዳንዳችሁ ለብቻችሁ እነዚህን አራት ጥያቄዎች መልሱ።

ሀ. መጠጡን መቀነስ እንዳለብዎ ተሰምቶዎት ያውቃል?
ለ. ሰው ስለ መጠጥዎ ሲናገር ይናደዳሉ?
ሐ. በመጠጣትዎ ተጸጽተው ያውቃሉ?
መ. ጠዋት ከእንቅልፍ እንደነቁ እጅዎን ወይም ራስዎን ለማረጋጋት ጠጥተው ያውቃሉ?

ለሁለቱ ወይም ከዚያ በላይ ለሆኑት «አዎን» ካላችሁ፣ ነገ ሳትሉ ነርስ ወይም ሐኪም አማክሩ። ለመጨረሻው ጥያቄ ብቻ እንኳ «አዎን» ያለ ሰው ሳያማክር በድንገት አያቁም።

ስለ ወላድነትና ስለ ቤተሰብ ምጣኔ

እኔ አዋላጅ እንደመሆኔ ይህ ክፍል ይበልጥ ያሳስበኛል።

በእርግዝና ጊዜ፦ እርጉዝ ሴት ብትጠጣው አይጎዳም የሚባል የአልኮል መጠን የለም። ጠላም ጠጅም አልኮል ነው። ሲጋራ ያለጊዜው መውለድንና ክብደቱ ያነሰ ሕፃን መውለድን ያመጣል። ባል ብቻ የሚያጨስ ቢሆን እንኳ ጭሱ ለእናትየውና ለሕፃኑ ይደርሳል። ጫት የደም ሥሮችን ያጠብባል፤ የምግብ ፍላጎትንም ይዘጋል። በዚህ ምክንያት የምትቅም እናት ሕፃን ክብደቱ ሊያንስ ይችላል። እርጉዟ ሚስትዎ ጫት እንድትተው የሚፈልጉ አባወራ፣ በርጫውን ከቤት ያውጡላት። ሽታው እየመጣባት መተው ይከብዳታል።

በማጥባት ጊዜ፦ «ጠላ ወተት ያበዛል» ሲባል እንሰማለን። አልኮል ወደ ጡት ወተት ያልፋል፤ ወተቱ እንዳይወርድም ያደርጋል። የጫት ንጥረ ነገርም በሚቅሙ እናቶች ወተት ውስጥ ተገኝቷል። ለወላድ ወተት የሚያበዛላት ሕፃኑን ቶሎ ቶሎ ማጥባት ነው።

ስለ ወሊድ መቆጣጠሪያ፦ ዕድሜዋ 35 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነች የምታጨስ ሴት ሁለት ዓይነት ሆርሞን ያለበትን እንክብል መውሰድ የለባትም። የልብ ድካምና በአንጎል ውስጥ የደም መርጋት አደጋ ይጨምርባታልና። ለእሷ ሉፕ፣ መርፌ ወይም በክንድ ቆዳ ሥር የሚቀበረው ይመረጣል። ክሊኒክ ስትመጡ ማጨሳችሁን መደበቅ የማይገባው አንዱ በዚህ ምክንያት ነው። ደግሞም በምርቃናና በስካር መካከል እንክብል ይረሳል፤ ኮንዶምም ይዘነጋል።

ለአባወራዎች፦ ሲጋራና ብዙ መጠጥ የወንድን ብልት ጥንካሬ ያዳክማሉ፤ የዘር ፍሬንም ይጎዳሉ። «ልጅ አልወለደችልኝም» ብሎ ሚስትን ከመክሰስ በፊት ወንዱም ይመርመር፤ ሱሱንም ለነርሷ ይንገር።

ሐራራ ሲመጣ

የሲጋራ ሐራራ የሚበረታው በመጀመሪያዎቹ 2 እና 3 ቀናት ነው፤ አብዛኛው ስሜት ከ2 እስከ 4 ሳምንት ውስጥ ይቀንሳል። እያንዳንዱ የሐራራ ማዕበል ግን የሚቆየው ለጥቂት ደቂቃ ነው። ያንን ጥቂት ደቂቃ ማሳለፍ ዋናው ጥበብ ነው። ውኃ ቀስ ብሎ መጠጣት፣ በረጅሙ መተንፈስ፣ ተነሥቶ መንቀሳቀስ፣ ከሰው ጋር መጨዋወት ይረዳል። ቡና ሲቀርብ ሲጋራ የሚያምረው ሰው ለጥቂት ሳምንት ቡናውን በሌላ ቦታ ወይም በሌላ ሰዓት ይጠጣ።

ጫት የተወ ሰው ድካም፣ ብዙ እንቅልፍ፣ ድብርትና ዱካክ ይሰማዋል። ይህ የሚያልፍ ነገር ነው። የሚቅም ሰው ምርቃናውን ለመስበር «ጨብሲ» እያለ የሚጠጣ ከነበረ ግን ሁለት ሱስ እንዳለበት ይወቅ፤ ሁለቱንም ለነርሷ ይንገር። ድብርቱ ከበረታ፣ ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ ወይም የሌለ ድምፅ ከተሰማ በአስቸኳይ ወደ ሐኪም ይወሰድ።

ለሚተውት ሰዎች የሚያበረታታ ነገር ልንገራችሁ። ሲጋራ ከተተወ ከ20 ደቂቃ በኋላ የልብ ምትና የደም ግፊት መውረድ ይጀምራሉ። በ12 ሰዓት በደም ውስጥ ያለው መርዛማ የካርቦን ሞኖክሳይድ ጋዝ ወደ ትክክለኛ መጠኑ ይመለሳል። ከአንድ ዓመት በኋላ ሲጋራ በልብ ሕመም ረገድ ያመጣው ተጨማሪ አደጋ በግማሽ ይቀንሳል።

የትዳር ጓደኛ ድርሻ

ነርሷ ሕመምተኛውን ለቀናት ታየዋለች፤ እናንተ ግን ዕድሜ ልክ አብራችሁ ትኖራላችሁ። ስለዚህ፦

— ከሆስፒታል ከመውጣቱ በፊት የሲጋራ መተርኮሻውን፣ የመጠጥ ጠርሙሱን ከቤት አስወግዱ። ጠያቂ ዘመድ መጠጥ ይዞ እንዳይመጣ አስቀድማችሁ ንገሩ።
— የሚተርፈውን ገንዘብ ለይታችሁ አስቀምጡ። በወሩ መጨረሻ አብራችሁ ቁጠሩትና ለልጆች የሚሆን ነገር ግዙበት።
— ማታ ማታ ወደ መጠጥ ቤት ይኬድበት የነበረውን ሰዓት በሌላ ነገር ሙሉት። ባዶ የተተወ ሰዓት መልሶ ይጎትታል።
— በሰው ፊት፣ በተለይም በልጆች ፊት፣ የድሮውን አታንሡ። «ይኸው ዛሬ ሦስተኛ ሳምንትህ ነው» የምትል ቃል ከስድብ ትበልጣለች።
— ሱሱን በውሸት አትሸፍኑ። ስካር ያስቀረውን ሰው «አሞት ነው» ብሎ ለመሥሪያ ቤቱ መናገር ለጊዜው ያድናል፤ ሕክምናውን ግን ያዘገያል።
— መጠጡ ዱላ የሚያስከትል ከሆነ ሚስት ዝም አትበል። ይህንንም ለነርሷ ለብቻ መንገር ይቻላል።

የምትጠይቁን ጥያቄዎች

ምስጢሬ ይጠበቃል? አዎን። የሕመምተኛን ምስጢር መጠበቅ የነርስ ሥነ ምግባር ነው። ካርዱ ላይ የሚጻፈው ለሕክምናው ነው እንጂ ለመሥሪያ ቤትዎ ወይም ለጎረቤት አይነገርም። ሰው ፊት ከተጠየቁ «ሲስተር፣ ለብቻ ብናወራ» ማለት መብትዎ ነው።

ትቼ እንደገና ብጀምርስ? ብዙ ሰው በአንድ ሙከራ አይላቀቅም። ተመልሶ መጀመር የመጨረሻ ሽንፈት አይደለም፤ ምን እንደጣለን የሚያሳውቅ ትምህርት ነው። አፍሮ ከመቅረት ወደ ነርሷ መመለስ ይሻላል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ?

ባለቤቴ ሱሰኛነቱን አይቀበልም፤ ምን ላድርግ? አትጨቃጨቁት። ሳይጠጣና ሳይቅም ባለበት ሰዓት፣ ያያችሁትን ጉዳት ብቻ በእርጋታ ንገሩት። በሌላ ምክንያት ወደ ክሊኒክ ሲመጣ አብራችሁ ኑና ነርሷን አስቀድማችሁ አነጋግሯት።

ለማስታወስ ያህል

ነርሷ ስትጠይቃችሁ ዓይነቱን፣ መጠኑንና መጨረሻ የወሰዳችሁበትን ሰዓት ተናገሩ። በየቀኑ ብዙ የሚጠጣ ያለ ሐኪም ምክር በድንገት አያቁም። ከሆስፒታል ስትወጡ የክትትል ቀጠሮ ሳትይዙ አትውጡ። ቤታችሁንም ከመውጣታችሁ በፊት አዘጋጁ።

ያ ጭኑ የተሰበረ አባወራ ሆስፒታል የቆየው ለብዙ ሳምንት ነበር። በየማታው አልጋው አጠገብ ተቀምጠን እናወራ ነበር። ሊወጣ ሲል ሚስቱ ክራንቹን እያቀበለችው ከእኔ ቀድማ «ሲስተር፣ የመጠጡስ ቀጠሮ መቼ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ፤ በዚያ ሁሉ ታካሚና አስታማሚ ፊት። እሱም አንገቱን አልደፋም፤ «ጻፊልን» አለኝ።

እናንተም በቀጣዩ ቀጠሯችሁ አብራችሁ ስትመጡ ጥያቄው ይጠብቃችኋል። ያን ጊዜ «አልፎ አልፎ» አትበሉን።